የጋሽ ኤልያስ መስታወትና የእኔ ግድግዳ

ስልኩ ሲጠራ ቴፒ ላይ መሰላል ጫፍ ቆሜ የአንድ ነጋዴ ቤት እለስን ነበር። የደወሉት አባ ጀማል ናቸው፤ ሚዛን ተፈሪ ከጋሽ ኤልያስ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ። አባ ጀማል በሰላምታ የሚሰስቱ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ግን የልጆቼን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ጋሽ ኤልያስ ትናንት ከሰዓት በኋላ አረፉ። መዶሻህን ይዘህ ድረስ» አሉኝ።

ለቀብር ድረስ የተባለ ሰው ጋቢውን ይፈልጋል። መዶሻህን ይዘህ ና የተባለ ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቅ የሬሳ ሳጥኑ ከቤት አልወጣም አሉኝ። ከሳሎን ወጥቶ በረንዳው ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ እኔ በሠራሁት በር አልታጠፍ ይላል። አቁመው ሞከሩ፣ አጋድመው ሞከሩ፣ መልሰው ሳሎን አስገቡት። ቀባሪው ግቢውን ሞልቶ ቆሟል። ግድግዳውን እናፍርሰው ሲባል ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ፣ ከታደለ በቀር ማንም አይነካውም ብለዋል። ታደለ እኔ ነኝ።

ከመሰላሉ ወረድኩ። ማዘኔ እንዳለ ሆኖ አፈርኩ። በግንበኝነት ዕድሜዬ ግድግዳ ዘመመብህ ተብዬ አላውቅም፤ ሬሳ አላስወጣም የሚል ግድግዳ ግን ሠርቻለሁ። ከቴፒ እስከ ሚዛን ሚኒባሱ ውስጥ መዶሻዬንና መሮዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የማስበው ስለ እኚህ ሰው ነበር።

የጋሽ ኤልያስ ሥራ ዝናብ መለካት ነበር። ከደርግ ዘመን ጀምረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት ቡና እርሻ ውስጥ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ቁጥር ወዳለው ብርጭቆ ገልብጠው፣ አንብበው፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ጡረታ ሲወጡ ሌላው ሰው ቢሆን እፎይ ይላል። እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ ተክለው ቀጠሉ። ማን አዘዘዎት ብዬ ስጠይቃቸው ዝናቡ ጡረታ አልወጣም አሉኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክንዳቸው ከኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ የሚተርፍ ሰው ነበሩ፤ እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አይወርድም። መንገድ ላይ ሲያገኙህ እንደምን አደርክ ከማለታቸው በፊት የሌሊቱን ዝናብ ልክ ይነግሩሃል። ራሳቸው ያዘነቡት ይመስል ብዙ በጣለ ቀን ትንሽ ኩራት፣ ባልጣለ ቀን ትንሽ እፍረት ይታይባቸዋል።

እኚህ ሰው የተነገራቸውን ነገር ላይ ላዩን ሰምተው መተው አያውቁም። ልጅ ሳሉ እናታቸው፣ ሰው እያየህ ጉርሻ ወደ አፍህ እንዳታደርስ፣ መጀመሪያ ጥራው ብለዋቸዋል። ይህን ያልተባለ ልጅ በአገራችን የለም። እኛ ግን ስናድግ የቀረውንም ተምረናል። እኛ «እንብላ» እንላለን፤ ያኛው «ብሉ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ይላል፤ ሁለታችንም እንደዋሸን እናውቃለን፣ ተከባብረን እንለያያለን። ጋሽ ኤልያስ ይህኛው ክፍል አልደረሳቸውም። እሳቸው ከጠሩ ጠሩ ነው፤ የተጠራው እስኪቀመጥ ድረስ ጉርሻዋ አየር ላይ ትቆያለች።

ይህ ጠባያቸው በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ይበሉ በነበረበት ዘመን ማንንም ሳያስቸግር ኖሯል። ጉዱ የመጣው ከመስታወቱ ጋር ነው። እርሻው አሮጌ ቢሮውን ሲያፈርስ ጋሽ ኤልያስ ባለ ብረት ፍሬም መስኮቶቹን ገዝተው አመጡ። በረንዳቸውን ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከዳር እስከ ዳር በመስታወት አጠሩት፤ በሩም ሳይቀር ሁለት ተካፋች መስታወት ሆነ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር። እኛ አገር ዝናብ የማይጥልበትን ወር መቁጠር ይቀላል። ዕድሜያቸውን ዝናብ ውስጥ ቆመው የለኩ ሰው አሁን ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያዩት ፈለጉ። እንዲህ ያለ በረንዳ ለከተማችን የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ ደግሞ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ነው፤ ከቴፒና ከሸኮ የሚመጣውም፣ ወደ ቱም የሚሄደውም፣ ገበያተኛውም በፊት ለፊቱ ሳያልፍ አይቀርም።

የመጀመሪያውን ምሳ መስታወቱ ውስጥ የበሉ ቀን አንድ መንገደኛ ቆሞ ወደ መስታወቱ አየ። ሰውዬው ያየው የራሱን ፊት እንደነበር አባ ጀማል ከሱቃቸው ሆነው መስክረዋል፤ ጥርሱን እየነቀሰ ነበር። ጋሽ ኤልያስ ግን እኔን አየኝ ብለው ተረዱት። «እንብላ» አሉ። ድምፃቸው ከመስታወቱ አላለፈም። ስለዚህ እጃቸውን አንሥተው ና አሉት። ታዲያ ሽበታም አዛውንት በእጃቸው ሲጠሩህ ምን ታደርጋለህ? ዕቃ አንሣልኝ ሊሉ ይሆናል፣ መልእክት ይኖራቸው ይሆናል፣ ታመው ይሆናል። ትገባለህ። ስትገባ ገበታ ነው። በልቻለሁ እንዳትል ቤት ውስጥ ገብተሃል፤ እጅህ ላይም ውሃ እየፈሰሰ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ በረንዳ ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚወርዱት ቤንቾችና ሸኮዎች፣ ከጌጫ ማር ይዘው የሚመጡት ሰዎች፣ አማርኛው ባይሞላላቸውም የእጁን ጥሪ ይረዱታል። ገብተው ጎደሬውን በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀሱ ይበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ለምን እንደተጠሩ ሳይገባቸው ይወጣሉ። አባ ጀማል በጾማቸው ወር ከሱቃቸው ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በጎን ይራመዱ ነበር። በቡና ማስጫ ቦታ ተጣልተው ለዓመታት የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎችም አንድ ቀን ተራ በተራ ተጠርተው አንድ ገበታ ላይ ተገናኙ። እጃቸውን ታጥበው ነበርና መነሣት አልቻሉም፤ ከአንድ ሳሕን በሉ። ታረቁ እንዳልላችሁ አልታረቁም፤ ሁለቱም ጋሽ ኤልያስን መቀየማቸው ግን አንድ አደረጋቸው።

ጋሽ ኤልያስን ተዉ ያላቸው ሰው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር። «ዓይኑ ገብቷል። እሱን ደጅ አስቀርቼ ዓይኑን ብቻ ላብላ?» ይላሉ።

አንድ ክረምት አውቶቡስ ኩርባው ላይ ጭቃ ያዘው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው መንገድ ዳር ቆሟል፣ ሰዓቱ ምሳ ነው። ጋሽ ኤልያስ ለሾፌሩ እጃቸውን አነሡ። ሾፌሩ ገባ። ረዳቱ ሾፌሩን ተከትሎ ገባ። ተሳፋሪው ረዳቱ ሲገባ ባየ ጊዜ መኪና ሊቀየርልን ነው ብሎ ከነሻንጣው ተከተለ። አንዲት ሴትዮ ቲኬቷን አውጥታ ለእትዬ ብርቄ ሰጠች። ጋሽ ኤልያስ ጉርሻቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሁሉንም አስቀመጡ፤ የመጨረሻው ሰው ቦታ ሲይዝ ከምግቡ የተረፈው እጃቸው ላይ ያለው ብቻ ነበር። እሱንም ሾፌሩን አጎረሱት።

እትዬ ብርቄን እስካሁን እንዲሁ በስም ነው ያነሣኋቸው። በዚያ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነበሩ፤ ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓዳ ሲሉ ነው የሚታዩት። አንድ ቀን የምሳ ሰዓት አለመድረሱን ተማምኜ በመስታወቱ አጠገብ ሳልፍ ጠሩኝ። በእጅ አልነበረም፣ በሩን ከፍተው ነው። «ታደለ፣ ልጆቹን አሳድገን ሸኘን፤ የቀረነው ሁለት ነን። ከመሞታችን በፊት ከዚህ ሰውዬ ጋር አንዲት ምሳ ለብቻችን መብላት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አልያዘም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረው መጋረጃ ነው። ጋሽ ኤልያስ አንድ ቀን ተቀምጠውበት አልቻሉም። መጋረጃ ሰው በእጁ የሚስበው ነገር ነው፤ ስበህ ከበላህ ተደብቀህ በላህ ማለት ነው አሉ። ገበታውን ወደ ሳሎን ማዛወር ደግሞ ከመደበቅም አልፎ ሽሽት ሆነባቸው። መስታወቱን ነቅዬ ግድግዳ ባደርገውስ ስላቸው ግን ረጅም ጊዜ አሰቡ። «ግድግዳ ሌላ ነው። ግድግዳ ቤት ነው። ቤቱ ውስጥ የበላ ሰው ተደበቀ አይባልም» ብለው ፈቀዱ። በመጋረጃና በግድግዳ መሃል ይህን ያህል የሕግ ልዩነት እንዳለ እኔ ባለሙያው ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

ሥራው የሦስት ቀን ነበር። መስታወቱን ከነፍሬሙ መንቀል፣ በቦታው ብሎኬት መደርደር፣ መለሰን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኔ የምሠራው ከውጭ ቆሜ ነው፤ ከውጭ የቆመ ሰው ደግሞ ያያል። ሁለት ረድፍ እደረድራለሁ፣ ቁርስ ይቀርባል፣ እጃቸው ይነሣል፣ እገባለሁ። ሲሚንቶው ባልዲ ውስጥ ይደርቃል። ሌላ አቡክቼ አንድ ረድፍ ሳልጨርስ የበቆሎ እሸት ይመጣል። ብልጥ ሆኜ ከውስጥ ልሥራ ስል ባሰ፤ ቤት ውስጥ ቆሞ ገበታ ላይ ያልተቀመጠ ሰው አይተው አያውቁም። ያን ጊዜ የወፈርኩትን ያህል ወፍሬ አላውቅም። ባለቤቴ ግድግዳ ነው የምትሠራው ወይስ ሠርግ ላይ ነው የምትውለው ብላ ጠይቃኛለች።

በከፍታውም ተከራክረናል። የተቀመጠ ሰው እስከሚጋረድ ድረስ አድርሼ በቃ ባልኩ ማግስት ጋሽ ኤልያስን በግድግዳው አናት መንገዱን እያዩ ቆመው ሲበሉ አገኘኋቸው። እስከ ጣሪያ ዘጋሁት። ባለ ሁለት ተካፋቹ በርም ዓይን ያስገባል ተብሎ ተዘጋና በምትኩ ከዳር፣ በማድቤቱ በኩል፣ አንዲት ጠባብ በር አወጣሁ። ድስት የያዘ ሰው በደንብ ያሳልፋል ብዬ ነው የለካሁት። ከድስት የበለጠ ነገር አንድ ቀን በዚያ በኩል መውጣት እንዳለበት አልታሰበኝም።

ልስኑ ሳይደርቅ ሽማግሌ መጣ። ከተማው ጋሽ ኤልያስ ተቀይመዋል ብሎ ነበር። አላፊ አግዳሚውን ሲያበላ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ በብሎኬት ሲዘጋ ሌላ ምን ይባላል? አባ ጀማልን አስቀድመው አምስት ሽማግሌዎች ገቡና የበደላቸውን ሰው እንዲናገሩ፣ በዳዩም እንዲክሳቸው እንደሚያደርጉ ነገሯቸው። ጋሽ ኤልያስ ማንም አልበደለኝም ባሉ ቁጥር ይህ የቂሙን ጥልቀት ያሳያል ይባላል። በመጨረሻ ነገሩ እንዲያልቅ ብለው ይቅር ብያለሁ አሉ፤ ማንን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሽማግሌዎቹም ተመራርቀው፣ ምሳ በልተው ወጡ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ የለመኑት ቀን ደረሰ። ገበታ ቀረበ፤ ሁለት ሰው፣ አራት ግድግዳ። ጋሽ ኤልያስ ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ከውጭ ኮቴ ሰሙ። ተነሥተው በጠባቧ በር ወጥተው ቤቱን ዞሩ፤ ፍየል ነበረች። ተመለሱ። ሁለተኛውን ሲያነሡ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ይህ ከኮቴው ባሰ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሊኖር ይችላላ። እንደገና ወጡ። እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠበቁ፤ ምግቡ ሲቀዘቅዝ አነሡት።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ልስኑን ለማየት ስሄድ ጋሽ ኤልያስን ኮታቸው ሰፍቷቸው አገኘኋቸው። ምን ሆኑ አልኳቸው። «በመስታወቱ ጊዜ ሰው ካለ አየዋለሁ፣ እጠራዋለሁ። ከሌለም እንደሌለ አያለሁ፣ ጉርሻዬን እውጣለሁ። አሁን ሰው የሌለበት ሰዓት የለም፤ ከግድግዳው ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ታደለ፣ በዚህ ጉሮሮ ምን ይወርዳል?» አሉኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተመለሰ። ሰውዬው የምራቸውን እየተራቡ ነበር።

መፍትሔ ያመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው። ባላቸው ዝናብ ሊለኩ የወጡበትን ጊዜ ጠብቀው ከገበታው ትይዩ ያለውን አንድ ብሎኬት በጣታቸው ነኩና ይህን አውጣልኝ አሉኝ። ለምነው ያሠሩት ግድግዳ መሆኑን ላስታውሳቸው ሞከርኩ። ሳይበላ ለብቻዬ ከማገኘው በልቶ ከሰው ጋር ይሁንልኝ አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የመሸነፍ ድካም እንጂ። ለእሳቸው አዘንኩና አንዲቷን ብሎኬት አወጣሁ።

ያች ቀዳዳ የከተማው ወሬ ሆነች። ጋሽ ኤልያስ ከመጉረሳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ሰው ካለ ያን ረጅም ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አውጥተው ይጠራሉ። መንገደኛው የሚያየው ግድግዳና ከግድግዳ የወጣ እጅ ብቻ ነው። የከተማው ሰው ለመደው። እንግዳ ግን ይደነግጣል፤ አዲስ የተመደበ አንድ አስተማሪ፣ ሰው ከነሕይወቱ ተለስኖበታል ብሎ ፖሊስ ይዞ መጣ። ፖሊሱ እዚያው ሚዛን ያደገ ስለነበር እጁን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ገባ። አስተማሪውም ብቻውን ደጅ መቆም ስላልሆነለት ተከትሎ ገባ።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። እኔንም ሥራ ወደ ቴፒ ሳበኝ። ሚዛን ስመጣ ግን በዚያ ኩርባ ሳልፍ እጁ ይወጣል፤ በልቻለሁ ብዬ አምልጬ አላውቅም።

ግቢው ስደርስ ቀባሪው ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀልኝ። መዶሻዬን ይዤ በመሃል አለፍኩ። ከቀዳዳዋ ልጀምር ብዬ ቀረብ ስል የብሎኬቱ ጠርዝ ክንድ ሲወጣበትና ሲገባበት ኖሮ እንደለሰለሰ አየሁ። መዶሻው ከበደኝ። ቆሜ አለቀስኩ። አባ ጀማል ትከሻዬን ነክተው፣ አይዞህ ልጄ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ፍጠን አሉኝ። ሳጥኑን የሚያሳልፍ ያህል አፈረስኩ። ጋሽ ኤልያስ ያን ሁሉ ሰው በጠሩበት በኩል ወጡ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይዤ ተመለስኩ። ክፍተቱ እንዳለ ነው፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። እትዬ ብርቄ በጥቁር ልብሳቸው ገበታው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የመጨረሻውን ቀን እንዴት ዋሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ለጉድ ሲወርድ ዋለ አሉኝ። ምሳ ቀረበ። ጋሽ ኤልያስ ጎንበስ ብለው በቀዳዳዋ አዩ። ቆይተው ደግመው አዩ። ሰው የለም አሉ። ተመልሰው ቁጭ አሉ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሕኑ እስኪጸዳ ድረስ በሉ፣ ተጎራረሱም። ከዚያ ጋሽ ኤልያስ ትንሽ ጋደም ልበል ብለው ገቡና አልተነሡም።

እትዬ ብርቄ መንገዱን እያዩ፣ «አንዲት ምሳ ነበር የጠየቅኩት፤ አንዲት ሰጠኝ። ምነው ሁለት ብዬ በነበር» አሉ።

እኔ ወደ ሙያዬ ሸሸሁና፣ ክፍተቱን በብሎኬት ልዝጋው ወይስ መስታወት ልመልስለት ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው ምሳ ሊያቀርቡ ተነሡ። እኔ ወጥቼ ሲሚንቶ ማቡካት ጀመርኩ። ቀና ስል እትዬ ብርቄ የጠቀለሉት ጉርሻ አፋቸው አጠገብ ቆሟል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ሌላው እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ።

የግንበኛ ማንኪያዬን ባልዲው ውስጥ ጥዬ፣ እጄን ታጥቤ ገባሁ። ክፍተቱ እስካሁን አልተዘጋም፤ ዝናብ ሲበረታ ላስቲክ ይወርድበታል፣ ምሳ ሲቀርብ ይሰበሰባል። ብሎኬት ይሁን ወይስ መስታወት የሚለውን ቁርጡን ልጠይቅ ብዬ በሄድኩ ቁጥር ምሳ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ።